የመናገር ነጻነትና ብዝኃነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሁሉም እንዳሻው ይናገር» ይላል። ሌላው «አፍ ካልተያዘ እርስ በርስ እንጫረሳለን» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም የሚፈሩት ነገር አላቸው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለ፤ አልደብቀውም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዝኃነትና የመናገር ነጻነት ምን አገናኛቸው?

ብዝኃነት ማለት አብረው የሚኖሩ ሰዎች በቋንቋ፣ በእምነት፣ በመልክ፣ በኑሮ ደረጃ፣ በአስተሳሰብ መለያየታቸው ነው። የመናገር ነጻነት ደግሞ ያንን የተለየ ነገር ሳይፈሩ በአፍ፣ በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በሰልፍ ማውጣት መቻል ነው።

ልዩነቱ ኖሮ መናገር ከተከለከለ፣ ብዝኃነቱ ለበዓል ቀን ፎቶ ብቻ የሚፈለግ ይሆናል። ልብሱ ይታያል፣ ጭፈራው ይታያል፤ ቅሬታው ግን አይሰማም። መናገር ተፈቅዶ ማይኩ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን እጅ የማይወጣ ከሆነም ሌላው ነጻነቱን በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዩኔስኮ በ2005 ያጸደቀው የባህል ብዝኃነት ስምምነት ይህን ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች በአንዱ አስቀምጦታል፦ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን የመሰሉ መብቶች ካልተረጋገጡ የባህል ብዝኃነት ሊጠበቅ አይችልም።

ሁሉም እንዳሻው ቢናገር ጠብ አይበዛም ወይ?

ጭቅጭቅ ይበዛል። ይህንን መካድ አልፈልግም። ግን ጭቅጭቅና ጠብ አንድ አይደሉም። የሚጨቃጨቁ ሰዎች ገና እየተነጋገሩ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ንዴት ጥሩ ምክር ነው። በሕዝብ መካከል ግን ዝምታ ይነቅዛል። ቅሬታ አደባባይ እንዳይወጣ ሲከለከል አይጠፋም፤ ጓዳ ይገባል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሁሉም በስምምነት ራሱን እየነቀነቀ የሚሰማ ነው። «ይሄማ ተሳስተሃል» የሚል ሰው የለም። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ቅሬታው ሐሜት ይሆናል፣ ሐሜቱ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ወደሚል እምነት ይለወጣል። አደባባይ የወጣ ቅሬታ ቢያንስ መልስ የማግኘት ዕድል አለው።

ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎችን ለመጠበቅ ንግግርን መገደብ አይሻልም?

ከሁሉም በላይ የምሰማው ጥያቄ ይህ ነው። የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። እኔ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚገድበው ማን ነው? ሕግ የሚያወጣው፣ ፖሊስ የሚያዘው፣ ጋዜጣ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ጉልበት ያለው ወገን ነው። «ለሰላም ሲባል ዝም በሉ» የሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ የሚያርፈውም ጉልበት በሌለው ላይ ነው።

ታሪኩ ብዙ ነው፤ ከሁለት አገሮች ልጥቀስ። በአሜሪካ ባርነት ይወገድ የሚሉ ሰዎች ለምክር ቤት አቤቱታ በገፍ ይልኩ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ በ1836 እነዚህን አቤቱታዎች ሳያይ ወደ ጎን የሚያደርግበት ደንብ አወጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ጉዳዩ ሰው ያጣላል። ደንቡ እስከ 1844 ቆየ። ባርነቱ በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አላረፈም፤ ያረፈው ስለ ባርነት የሚደረገው ክርክር ብቻ ነበር።

በታኅሣሥ 1860 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ስብሰባ በአድመኞች ተበተነ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ከቀናት በኋላ እዚያው ከተማ ተነስቶ ስለ መናገር ነጻነት ተናገረ። ከንግግሩ የማይረሳኝ ሐሳብ አለ፦ ንግግርን ማፈን ድርብ በደል ነው፤ ተናጋሪውንም ይበድላል፣ ሊሰማው የሚፈልገውንም ይበድላል። ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ተናጋሪው ብቻ ነው። በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ግን መረጃን መፈለግንና መቀበልንም ከመናገር ጋር አብሮ ነው የጻፈው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቱርክ ነው። በ1983 የወጣ ሕግ በኩርድኛ ማሳተምና ማሰራጨትን ከለከለ። እስከ 1991 ድረስ ጸና። ያኔም የተሰጠው ምክንያት የአገር አንድነት ነበር።

ስለዚህ ገደብ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ወረድ ብለን እንደርስበታለን። ግን «አናሳውን ለመጠበቅ» ተብሎ የተሳለ ቢላ ነገ አናሳው አንገት ላይ እንዳይገኝ መጀመሪያ እጀታውን የያዘውን ሰው ማየት ያስፈልጋል።

ቋንቋም የመናገር ነጻነት ጉዳይ ነው?

በጣም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። «ተናገር፣ ግን በእኔ ቋንቋ» ማለት ግማሽ ክልከላ ነው።

በ1880 ሚላን ላይ መስማት የተሳናቸው ልጆችን ስለማስተማር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። የንግግር ዘዴ ከምልክት ቋንቋ ይበልጣል ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ከክፍል ወጣ። ልጆች በእጃቸው ስላወሩ እጃቸውን ተመቱ፤ እጃቸው ላይ ቁጭ እንዲሉ የተደረጉም ነበሩ። አስቡት፦ አፋችሁ ያለው እጃችሁ ላይ ነው፣ እሱ ላይ ቁጭ በሉ ትባላላችሁ። ስለ መናገር ነጻነት ሲነሳ ከመሪዎችና ከጋዜጠኞች በፊት እኔ ዓይኔ ላይ የሚመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

ጉባኤው የዚያን ውሳኔ ስህተትነት ተቀብሎ ጸጸቱን የገለጸው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት ፈጅቷል። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሐሳብን ስለመግለጽ በሚናገረው አንቀጽ 21 ላይ የምልክት ቋንቋን በስም ይጠቅሳል።

የጥላቻ ንግግር የሚባለው የትኛው ነው? ከስድብ በምን ይለያል?

አንድ ሰው «ደደብ» ብሎ ቢሰድባችሁ ያማል፤ ብልግናም ነው። የጥላቻ ንግግር ግን ሰውን በማንነቱ፣ ማለትም በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በትውልዱ የተነሳ ዒላማ የሚያደርግ ነው። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 20 እንዲከለከል የሚያዘው ከዚህም ጠበብ ያለ ነው፦ ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለአመፅ የሚያነሳሳ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ። «ማነሳሳት» የምትለዋ ቃል ናት ክብደቱን የተሸከመችው። ያልጣመን፣ ያስቀየመን፣ ያናደደን ሁሉ እዚያ ውስጥ አይገባም።

እንዴት ይለካ ለሚለው፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስተባባሪነት በ2012 ራባት ላይ ባለሙያዎች ስድስት መመዘኛ አውጥተዋል። የጊዜው ሁኔታ ምን ይመስላል? ተናጋሪው ማን ነው፣ ሰው ይሰማዋል ወይ? ሐሳቡ ሆን ብሎ ማነሳሳት ነው? ምን አለ፣ በምን መልክ አለ? ምን ያህል ሰው ጋ ደረሰ? ጉዳት የማድረሱ ዕድል ምን ያህል ቅርብ ነው? አንድ ሰካራም መንገድ ላይ የሚጮኸውና አንድ ባለሥልጣን ግጭት ባለበት ሳምንት በቴሌቪዥን የሚናገረው፣ ቃሉ አንድ ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ላይ እኩል አይወጣም። እኔ ይህን መመዘኛ የምወደው ከቃሉ አልፎ ሁኔታውን እንድናይ ስለሚያስገድደን ነው። ቃል ብቻ እየለቀሙ መቅጣት በጣም ቀላል ነው፤ በጣምም አደገኛ ነው።

ንግግር ብቻውን ሰው ይገድላል?

ብቻውን አይገድልም። ለገዳይ መንገድ ግን ይጠርጋል።

ሩዋንዳ ውስጥ በ1993 አርቲኤልኤም የሚባል የሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ አቅራቢዎቹ ቀልደኞች ነበሩ፣ ወጣቱ ይወደው ነበር። በዘፈኑ መሃል የአገሪቱን አናሳ ብሔር፣ ቱትሲዎችን፣ «ኢንየንዚ»፣ በረሮ፣ እያሉ ይጠሩ ነበር። በ1994 ጭፍጨፋው ሲጀመር ያው ጣቢያ የሰዎችን ስም፣ የተደበቁበትን ቦታ፣ የመኪናቸውን ታርጋ ቁጥር ሳይቀር ያነብ ጀመር። በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱንና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ አላቸው። በ2007 ይግባኝ ሰሚው አንዳንዶቹን ክሶች ሰርዞ ቅጣቱን ቢቀንስም ነጻ አላወጣቸውም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ታርጋ ማንበብ ሐሳብ መግለጽ አይደለም፤ የግድያው አካል ነው። ሁለተኛ፣ ጣቢያው ጉልበት ያለው ወገን ድምፅ ነበር፤ ሌላው ወገን ያን ያህል የሚሰማ መልስ መስጫ አልነበረውም። ሩዋንዳን ለሳንሱር ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ይህችን ሁለተኛዋን ይዘሏታል።

አገሮች መስመሩን ለምን በተለያየ ቦታ ያሰምራሉ?

እያንዳንዱ የሚፈራው የራሱን ታሪክ ስለሆነ ነው። ጀርመን በሕዝብ ክፍል ላይ ጥላቻ መቀስቀስንና ሆሎኮስትን፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ፣ በአደባባይ መካድን በወንጀል ትቀጣለች። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ የዘር መድልዎ ሥርዓት ወጥታ በ1996 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ላይ የመናገር ነጻነትን ሰጥታ፣ ለጉዳት የሚያነሳሳ የዘር፣ የጾታና የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳን ከጥበቃው ውጭ አደረገች። አሜሪካ ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው፣ ንግግሩ ወዲያውኑ ለሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ማነሳሳቱንና ያም የመሆን ዕድል ያለው መሆኑን ነው።

የአሜሪካው መንገድ ዋጋ ያስከፍላል። በ1977 የአሜሪካ ናዚዎች ስኮኪ በምትባል ከተማ ሰልፍ እንውጣ አሉ። ከሆሎኮስት የተረፉ ብዙ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ለሰልፈኞቹ የቆመው የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ማኅበር ነበር፤ የማኅበሩ ዋና ዳይሬክተር አርዬ ናየር ደግሞ በሕፃንነቱ ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። ክርክሩ፣ ዛሬ ናዚን ለመከልከል የተሰጠ ሥልጣን ነገ አይሁድን ለመከልከል ይውላል የሚል ነበር። በርካታ አባላት ተቆጥተው ማኅበሩን ለቀቁ። ሰልፉ በመጨረሻ ስኮኪ ውስጥ አልተደረገም።

እኔ የናየርን ክርክር ባነበብኩ ቁጥር ያሳምነኛል። ከዚያ ደግሞ መስኮቷ ላይ ቆማ የናዚን ባንዲራ የምታይ አንዲት አሮጊት አስባለሁ። ያኔ ደግሞ ጀርመኖቹ ልክ ይመስሉኛል። ሁለቱም ውስጤ አሉ፤ አንዱን ለማስወጣት ብዙ ጥሬ አልተሳካልኝም።

ሃይማኖቴን የነካ ንግግርስ?

መብት የሚጠብቀው ሰውን ነው። አማኙ በእምነቱ የተነሳ እንዳይገለል፣ እንዳይጠቃ ይጠበቃል። እምነቱ ግን ከጥያቄና ከትችት ውጭ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2011 ይህንኑ አብራርቷል፦ ለጥላቻ ማነሳሳት ካልሆነ በቀር ለሃይማኖት አክብሮት አላሳየም ብሎ መከልከል ከላይ ከጠቀስኩት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ጋር አይሄድም።

አንድ ነገር አስቡ። ብዙ እምነት ባለበት ማኅበረሰብ የአንዱ ስብከት ለሌላው ድፍረት ነው። «መንገዱ ይህ ብቻ ነው» ያለ ሰባኪ ሌሎቹን ሁሉ ተሳስታችኋል ማለቱ ነው። የሚያስቀይም ሁሉ ቢከለከል መጀመሪያ የሚዘጉት የጸሎት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው።

«መቻቻልን የማይቀበሉትን አትታገሷቸው» የሚባለውስ?

ፈላስፋው ካርል ፖፐር በ1945 የጻፈው ነው፤ ሲጠቀስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ይቀራል። የማይቻቻሉትን በክርክር መመከትና በሕዝብ አስተያየት መግታት እስከተቻለ ድረስ ማፈኑ ብልህነት አይደለም ብሏል። የማፈን መብታችንን እንያዝ ያለው እነሱ ክርክርን ትተው ቡጢና ጠመንጃ ሲያነሱ ነው። ተቃዋሚውን ዝም ለማሰኘት የፈለገ ሁሉ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ቀድቶ ይለጥፋል።

የተናገርኩትን ሰዎች ቢቃወሙብኝ ነጻነቴ ተነካ?

አልተነካም። እነሱም እየተናገሩ ነው። ከሥራ ማባረር፣ ቤት ድረስ መጥቶ ማስፈራራት፣ ቤተሰብን መንካት ግን ሌላ ነው፤ ያ መልስ አይባልም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ነገሩን አሻሻለው ወይስ አባሰው?

ሁለቱንም አድርጓል። ጋዜጣ ደጅ የሚያስገባው ያልነበረ ሰው ዛሬ ስልኩን አውጥቶ ይናገራል። ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አይገባም። ችግሩ ማን እንደሚሰማ የሚወስነው ሰው ሳይሆን አልጎሪዝም፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠው የኮምፒውተር ስሌት፣ መሆኑ ነው። አልጎሪዝሙ ደግሞ የሚያየው ብዙ የተነካካውን ነው፤ ሰው የሚያናድደውን ነገር ሳይነካ አያልፍም።

በ2017 ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሮሂንጋዎች፣ አናሳ ሙስሊሞች፣ ከማይናማር ወደ ባንግላዴሽ ሸሹ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ፌስቡክ ላይ ይዘራባቸው የነበረው ጥላቻ ብዙ ነው። ኩባንያው ቋንቋውን የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎች የነበሩት በጣም ጥቂት ነበሩ። በቂ እንዳልሠራ ራሱ ያመነው በ2018 ነው። ስለዚህ «ኩባንያዎቹ የጥላቻ ንግግርን ያጥፉ» ስንል «በየትኛው ቋንቋ?» ብለን እንጠይቅ። ቋንቋውን የማያውቅ ተቆጣጣሪ ወይ ቅስቀሳውን ያሳልፋል፣ ወይ የተጠቂውን ጩኸት ያጠፋል።

ማንም ሳይከለክለኝ ለምን ዝም እላለሁ?

አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሃያ ሰው እንሆናለን። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ መናገር ጀመረች። ቅላፄዋ ከሌሎቻችን ይለያል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከኋላ አንዱ ሳቅ አለ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ «ፍፍ» የምትል ብቻ። ሌላ ሁለት ሰው ተከተለው። እሷም አብራ ፈገግ አለች። «ይኸው ነው» ብላ ተቀመጠች። ማስታወሻዋን ሳየው ሙሉ ገጽ ጽፋ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ስብሰባዎች አንድም ቃል አልተናገረችም። ማንም አልከለከላትም። ሕግ የጣሰ ሰውም የለም።

ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ ያደረገው ሙከራ ይህን ያስረዳል። ሰዎችን ሰብስቦ መስመሮች የተሰመሩበት ካርድ ያሳያል፤ ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው ይላል። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀድሞ የተነገራቸው ናቸው፤ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመልሳሉ። ያ አንድ ሰው ምን ያደርጋል? ከተፈታኞቹ ከአራት ሦስት ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው የሚያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ።

ልቤን የሚያሞቀው ቀጣዩ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ ስህተቱ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ተለይቶ የተናገረው ሰው ራሱ ሌላ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ ተፈታኙ ነጻነት ተሰማው። ትክክል መሆን አላስፈለገውም፤ መለየቱ በቂ ነበር። ብዝኃነት ለመናገር ነጻነት ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ይህንን ነው የምነግረው። አጠገባችሁ የሚቀመጥ፣ ከእናንተ የተለየ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት የእናንተንም አፍ ያላቅቃል።

ስብሰባ እመራለሁ። ምን ላድርግ?

ሐሳብ ሲጠየቅ ከአለቃ አትጀምሩ። አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚመጣው ማጨብጨብ ነው። አዲስ የገባውን፣ ዕድሜው ትንሽ የሆነውን አስቀድሙ። ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ላኩ፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገር ሰው ቃላቱን አሰናድቶ እንዲመጣ። የተቃወመ ከሌለ «ሁሉም ተስማማ» ብላችሁ አትለፉ፤ «ይህ ሐሳብ የት ጋ ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ሲጠየቅ መቃወም መርዳት ይሆናል፤ ዓይን አፋሩም ይናገራል።

ሰው እየተናገረ ሌላው ከሳቀ ደግሞ ወዲያው ግቡ። መቆጣት አያስፈልግም። ወደ ተናጋሪዋ ዞራችሁ «ቀጥዪ፣ እየሰማን ነው» በሉ። እኔ ያን ቀን ሳልለው የቀረሁት ይህንን ነው።